ለአማቴ የታዘዘው ዱቄት

ሰሞኑን ባሕር ዳር መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ወፍረሃል» ይለኛል። አንዳንዱ ምርቃት አስመስሎ ይለዋል፤ አንዳንዱ ሆዴን አየት ያደርግና «ተመችቶሃል ማለት ነው» ብሎ ያልፋል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን ሁዳዴ ነው። አገር ምድሩ በሽሮና በምስር ከስቶ በሚታይበት ወቅት ብቻዬን ጉንጭ አውጥቼ መገኘቴ በምን እንደሚያስጠረጥረኝ አላጣሁትም። «የዕድሜ ነገር ነው» እያልኩ አልፋለሁ። እውነቱን ብናገርስ ማን ያምነኛል? ያወፈረኝ ለአማቴ ሳንባ የታዘዘ ዱቄት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውራላችሁ፤ ለብቻዬ ይዤው ከከረምኩ የባሰ እወፍራለሁ።

አማቴ መሪጌታ እንባቆም ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ በጣና ደሴቶችና በዳርቻው ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ማኅሌት ሲመሩ፣ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤቴ የዝና የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ እናቷ ካረፉ በኋላ «ብቻዎን አይቀመጡም» ብላ ከገጠር እኛ ቤት አመጣቻቸው። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ያመጣኝ ሥራ ነው፤ በአንድ ፋብሪካ የግዢ ክፍል ተቀጥሬ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ። የሥራዬን ዓይነት ያነሳሁት ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ጠባዬን እንድታውቁልኝ ነው። የግዢ ሰው ችግር ሲመጣበት «ምን ይሻላል?» አይልም። «የት ይሸጣል?» ነው የሚለው።

መሪጌታን ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሳል ይዟቸዋል። መጀመሪያ «የሽምግልና ጓደኛ ነው» እያሉ ናቁት። እየቆየ ግን ከአልጋቸው ተነስተው በረንዳ እስኪደርሱ ግድግዳ ይዘው የሚያርፉ ሆኑ። እጀ ጠባባቸው ሰፋ። አንድ ቀን የዝና ጋቢያቸውን ልታስተካክል ትከሻቸውን ስትነካ ያገኘችው አጥንት ብቻ ሆነባትና ጓዳ ገብታ አለቀሰች። በማግሥቱ ባጃጅ ጠርተን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ የምትናገር። ደረታቸውን አዳመጠች፣ በአንድ ቱቦ ውስጥ የቻሉትን ያህል እንዲነፉ አደረገች፤ ከዚያ ቀና ብላ «አባባ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» አለቻቸው።

መሪጌታ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ጥያቄው ለእኔ የመጣ መስሏቸዋል።

«እርስዎን ነው አባባ» አልኳቸው።

አማተቡ። ዶክተሯም ደንግጣ ይቅርታ እየጠየቀች፣ ሳንባን የሚጎዳው የሲጋራ ጭስ ብቻ እንዳልሆነ፣ የማገዶም ጭስ ለብዙ ዓመት ሲሳብ ያንኑ እንደሚያደርግ አስረዳች። እሳቸው ደግሞ በልጅነታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ጠባብ ጎጆ ውስጥ እሳት አንድደው፣ በእሳቱ ብርሃን ሲያጠኑ ነው ያደጉት። መምህር ከሆኑም በኋላ ጎጆው ተለወጠ እንጂ ጭሱ አልተለወጠም።

«እንግዲያ ትምህርቱን ከነዋጋው ነው የያዝሁት» አሉ መሪጌታ፣ እንደ ማዘንም እንደ መገረምም ብለው።

በሽታው ሥር የሰደደ ስለሆነ ጨርሶ እንደማይጠፋ፣ ግን ሊያዝ እንደሚችል ነገረችን፤ በአፍ የሚሳብ መድኃኒትም አዘዘችላቸው። ከዚያ ሚዛን ላይ አቆመቻቸውና ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ለእርስዎ መተንፈስ ራሱ የጉልበት ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ አካፋ ይዞ እንደሚውል ሰው ጉልበት ይጨርሳሉ። የሚበሉት ካልበቃ ሰውነትዎ የሚተነፍሱበትን ጡንቻ መልሶ ይበላዋል። ስለዚህ ይበላሉ። በትንሽ በትንሹ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። ሆድዎ ባንዴ ከሞላ ትንፋሹ ያጥርዎታል።» ለእኔ ደግሞ ጉልበት ያጡ ሽማግሌዎች የሚጠጡትን፣ በውሃ የሚበጠበጥ አልሚ ዱቄት በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። በር ላይ ስንደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ክብደታቸው ከዚህ በላይ ከወረደ ተራ ጉንፋን እንኳ ሊወስዳቸው እንደሚችል ነገረችኝ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ከዚህ ሁሉ ምክር ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ዱቄቱ ብቻ ነበር። ሊገዛ የሚችል ነገር ተገኝቷላ! ባሕር ዳር ያለውን መድኃኒት ቤት ሁሉ አዳረስኩ። አንዱ አልቋል ይላል፣ አንዱ የሕፃናት አለ ይላል፣ አንዱ ለስፖርተኛ ነው ብሎ ክንዱ የተወጠረ ጎረምሳ ፎቶ ያለበት ባልዲ ያሳየኛል። መሪጌታን በዚያ ባልዲ ፊት ማሰብ አልቻልኩም። በመጨረሻ ተገኘ፤ ነጭ ጸጉር ያላቸው ባልና ሚስት ጥርሳቸውን ሁሉ አውጥተው የሚስቁበት ጣሳ። ድል አድርጌ ቤት ስገባ ግን ሁዳዴ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር።

መሪጌታ ጣሳውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። የሚስቁትን ሰዎችም አተኩረው አዩአቸው።

«ከምን የተሠራ ነው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምናለበት! ግን የግዢ ሰው የገዛውን ዕቃ ጥራት ካላስረዳ እንቅልፍ አይወስደውም። መነጽሬን አደረግኩና የጣሳውን ጀርባ እየተረጎምኩ አነብላቸው ጀመር። ቫይታሚኑን ጠራሁ፣ ብረቱን ጠራሁ፣ ዚንኩን ጠራሁ፤ እሳቸውም እንደ ጥሩ መምህር ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ምላሴ ያዝ አደረገኝ።

«ምን አልህ?»

«የወተት… ፕሮቲን።»

«ወተት ነው እንግዲያ።»

«ወተት አይደለም አባባ፤ ከወተት የወጣ ነገር ነው።»

«ቅቤስ ከምን ይወጣል?» አሉና ጣሳውን መለሱልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ለፋሲካ እጠጣዋለሁ። አስቀምጥልኝ።»

ለፋሲካ! ፋሲካ እኮ ከወር በላይ ይቀረዋል። የዝና ለመነች፣ እኔ ለመንኩ። ጣዕሙን ቢያውቁት ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ ጣሳውን ከፍቼ፣ አንድ ብርጭቆ በጥብጬ ፊታቸው ጠጣሁ። ይሄ ትልቁ ስህተቴ ነው። ጣሳው ላይ «ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠቀሙት» ይላል። እሳቸው አይጠጡም፤ የዝናም ትጾማለች። የእኔን ጾም በተመለከተ ብዙ ባላወራ ይሻላል፤ አንዳንድ ቀን እጾማለሁ፣ አንዳንድ ቀን እረሳለሁ። ውድ ዕቃ ተከፍቶ ሲበላሽ ማየት ግን አልችልም። በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ አልኩ። እያደር ማታም ማታም ጨመርኩ። መሪጌታ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል።

«ይጥማል?» ይላሉ።

«ደህና ነው አባባ።»

«ይባርክልህ ልጄ» ይሉና ወደ ጸሎታቸው ይመለሳሉ።

ለቀጠሮው ሐኪም ቤት ስንሄድ ዶክተሯ አማቴን መዘነች፤ ወርደዋል። ግራ ገባትና «ዱቄቱን አልወሰዱም እንዴ?» ብላ እኔን አየችኝ። አተያይዋ ቆየ። «እስኪ አንተም ውጣ» አለችኝ ሚዛኑን እያሳየች። ወጣሁ። ቁጥሩን አይታ «መድኃኒቱ እንደሚሠራስ አረጋገጥን» አለች፣ ጥርስዋን ሳታሳይ። ሌላ ጣሳ አዘዘችልንና እኔ እንዳልነካው የዝናን አስጠነቀቀቻት። ወተት እስካልጠጡ ድረስ ደግሞ ለውዝም፣ ሰሊጥም፣ ተልባም፣ ሽንብራም፣ አቮካዶም ስጧቸው፤ ዘይትም አይቆጠብ አለች።

እሰይ! ይሄማ ገበያ ነው። ሽንብራውን ከቆላ ድባ ከመጣ ነጋዴ፣ ስንዴውን ከመራዊ፣ ለውዙን፣ ሰሊጡንና ተልባውን ከየሱቁ ሰብስቤ የጾም ዱቄት ላመርት ተነሳሁ። ሁሉን አስቆልቼ፣ አንድ ላይ ቀላቅዬ ወፍጮ ቤት ወሰድኩት። ባለ ወፍጮው ጆንያውን ከፈት አድርጎ አሸተተና ከነጆንያዬ ወደ በሩ መለሰኝ።

«ይህን ቅባት ድንጋዬ ላይ ልታፈስብኝ ነው? ከአንተ ኋላ የሚያስፈጨው ሰው ጤፉን ተቀብቶ ሊሄድ?»

የጎረቤታችንን የጁስ መፍጫ ለመንኩ። ትንሽ ፈጨልኝ፤ ከዚያ አንዴ አጉረመረመ፣ ሸተተ፣ ዝም አለ። ጎረቤታችን ጨዋ ሴት ናቸው፤ «አይዞህ፣ ያው አሮጌ ነበር» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። በመጨረሻ ሙቀጫ ይዤ ሳሎን ውስጥ ቁጭ አልኩና መውቀጥ ጀመርኩ። ቤቱ በብናኝ ታፈነ። መሪጌታ ከውስጥ ሳላቸው ተነሳ፤ አላቆም አለ። የዝና እየሮጠች መጥታ እኔን ከነሙቀጫዬ ግቢ አወጣችኝ።

«አንተ፣ ልታድናቸው ነው ወይስ ልትገድላቸው?» አለችኝ። ቅንድቤ ድረስ ነጭ ሆኜ ስለነበር መልስ ብሰጥም የሚታመንልኝ አልመሰለኝም።

ያም ሆኖ ዱቄቱ ወጣ። የዝና እንደ አጥሚት አድርጋ አፈላችው። መሪጌታ ጠየቁ፣ እኔም ከሽንብራው እስከ ተልባው ጠራሁላቸው። ምንም የሚነቀፍ አላገኙበትም። «እሺ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አምጡልኝ» አሉ።

በሁዳዴ እሳቸው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባረኩና ትልቁን ኩባያ እኛን ደስ ለማሰኘት አንድም ሳያስቀሩ ጠጡት። የዝና ፊትዋ በራ። ብዙም ሳይቆይ ግን መሪጌታ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ እያለ፣ አፋቸውን ከፍተው አየር ይፈልጉ ጀመር። ሆዳቸው ሞልቶ ሳንባቸውን ከታች ገፍቶታል። መስኮቱን ከፈትን፣ የሚሳበውን መድኃኒት ሰጠናቸው፣ የዝና ጀርባቸውን ደግፋ ይዛ ቆየች። ሲለቃቸው ላብ በላብ ሆነው ነበር።

የዶክተሯ ምክር ሌላው ግማሽ የገባኝ ያን ዕለት ነው። የሚበሉትን ነገር ስፈልግ የሚበሉበትን ሰዓት ረስቼዋለሁ። «በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ» ነበር ያለችው። ከቁርስ ሰዓት ጀምሮ እየቆራረሱ ካልበሉ በቀር የሚበቃቸው ምግብ በአንድ ጊዜ ሆዳቸው ውስጥ አይገባም። እሳቸው ደግሞ ቀኑን የሚከፍቱት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ለውዝ ይሁን ወተት፣ ጾሙና ቶሎ ቶሎ መብላቱ በአንድ ቀን ውስጥ አብረው አይኖሩም።

ሰው ምክር አያጣም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ዓሣ ስጧቸው፤ ሐይቁ አጠገብ ተቀምጣችሁ!» አሉኝ። ለመሪጌታ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ በሁዳዴ ዓሣ ብበላ ጣና ራሱ ይታዘበኛል» አሉኝ። አንዱ ደግሞ ጠጋ ብሎ «ምን ያስጨንቅሃል? የጣሳውን ዱቄት በአጥሚቱ ውስጥ ጨምርበት፤ በምን ያውቃሉ?» አለኝ። እውነት ለመናገር ነገሩ ልቤን ነካ አደረገው። ማታ ለየዝና ነገርኳት።

«አባየ እኮ ከእኔ እጅ ሲቀበሉ ምን እንደሆነ አይጠይቁም» አለችኝ። «አንተን ነው የሚጠይቁህ። እኔን አምነው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚጠጡት። በዚህ እጄ ነው የምሰጣቸው?»

ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳሁትም።

ሕጉ እኮ ለታመመ ሰው ይፈቅዳል። ስንቱን በሽተኛ «ብላ፤ እግዚአብሔር በሬሳህ ደስ አይለውም» ብለው ያስበሉ ራሳቸው መሪጌታ ናቸው። ወደ ራሳቸው ሲመጣ ግን «እኔ አረጀሁ እንጂ አልታመምሁም» ይላሉ። ምን እንደያዛቸው የገባኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ወስጃቸው ዋርካ ሥር ተቀምጠናል። አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ ቀስ ብሎ እየቀዘፈ ያልፋል። ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ መናገር ጀመሩ፤ በየመሐሉ እያረፉ።

«ማኅሌት ከቆምሁ ቆየሁ። ስግደቱም ቀረ፤ ጎንበስ ካልሁ ቀና የምልበት ትንፋሽ የለኝም። ዜማውም ሄደ፤ አንዱን ቃል ጀምሬ ሳልጨርሰው ያልቅብኛል። ምን ቀረኝ? ጾም ቀረኝ። እሱ ትንፋሽ አይጠይቅም። እሱንም ከወሰዳችሁብኝ ባዶ እጄን ልቀርብ ነው ልጄ?»

ለዚህ የሚገዛ ነገር የለም። እዚያ ተቀምጬ እሳቸው በሞት መንገድ ላይ እንዳሉ፣ ይህንንም እንደሚያውቁ፣ የሚያሳፍራቸውም መሞቱ ሳይሆን ምንም ሳይዙ መሄዱ እንደሆነ ተረዳሁ። አንጀቴን በሉት። እስከዚያ ቀን እልኸኛ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር።

የዝና መላ ያገኘች መሰላት። «የንስሐ አባታቸው ይዘዟቸው» አለች። እንዴት እስከዛሬ አላሰብነውም! ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ማወቅ በእኔ ሙያ ግማሽ ሥራ ነው። የንስሐ አባታቸው ቄስ ሞገስ በሰፈራችን ደብር የሚያገለግሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ምእመኑ ሁሉ የሚፈራቸው ግዙፍ ሰው ናቸው። በስልክ ስነግራቸው አላመነቱም።

«ይሄማ ግልጽ ነው። የታመመ ሰው ይበላል። ነገ መጥቼ አዛቸዋለሁ» አሉኝ።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ቄስ ሞገስ በልጅነታቸው ዜማ የተማሩት ከመሪጌታ እንባቆም ነው።

በማግሥቱ መጡ። መሪጌታ እንደምንም ተነስተው መስቀል ተሳለሙ። ቀጥሎ ግን ቄስ ሞገስ ያንን የሚያህል ቁመታቸውን አጥፈው የመሪጌታን ጉልበት ሳሙና «እንዴት ሰነበቱ የኔታ?» አሉ። ያችን «የኔታ» ስሰማ ትዕዛዙ እዚያው እንደቀለጠ ገባኝ።

«ምነው ጠፋህ?» አሉ መሪጌታ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው የኔታ።»

«እሁድ ያዜምኸውን በድምፅ ማጉያው እዚህ ድረስ ሰማሁት።»

ቄስ ሞገስ አንገታቸውን ደፉ።

«መሐል ላይ አንዱን ዘለልኸው።»

«አዎ የኔታ፤ ቸኩዬ ነው።»

«በል እስኪ እንደገና።»

ሊያዝዙ የመጡት ቄስ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የጾሙን ዜማ ያሰሙ ጀመር። መሪጌታ በጣታቸው አየር ላይ እያነሱ እየጣሉ ያርሟቸዋል። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው አልበቃ አላቸውና «እንዲህ ነው» ብለው ራሳቸው አነሱት። ያ ድምፅ ከዚያ ደረት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከቃሉ እኩሌታ ላይ ትንፋሻቸው አለቀ። አፋቸው እንደተከፈተ፣ እጃቸውም እንደተነሳ ቀረ። ቄስ ሞገስ ከተቋረጠበት ተቀብለው እስከ መጨረሻው አደረሱት።

ቄስ ሞገስ ተመርቀው ሲወጡ እስከ ግቢው በር ተከተልኳቸው።

«ቄሴ፣ ትዕዛዙስ?»

«አፌ እምቢ አለኝ» አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ፊደል ያስቆጠሩኝን ሰው ጾም ይሻሩ ብዬ እንዴት ላዝዛቸው? እንዲያውም እኔ ነኝ ታዝዤ የወጣሁት። ዜማውን አጥንቼ እንድመጣ ብለውኛል።»

የተፈራው ጉንፋን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔንና የዝናን አስነጥሶን አለፈ፤ እሳቸውን ግን አልጋ ላይ ጣላቸው። ዶክተሯ ቤት ድረስ መጥታ አየቻቸውና መድኃኒት ለወጠችላቸው፤ ይህ ሰውነት ካልበላ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማይበቃ ግን ሳትሸሽግ ነገረችን። መድኃኒቱን ወሰዱ። ምግቡን «ዘጠኝ ሲሆን» አሉ። ዘጠኝ ሲሆን ደግሞ ማንኪያ የሚያነሱበት ጉልበት አልነበራቸውም። የዝና ለቄስ ሞገስ ደውላ እያለቀሰች ነገረቻቸው። በስልኩ ማዶ ያሏት «ሰምቻለሁ ልጄ» ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከግቢያችን በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የቆሎ ተማሪ በማርያም ስም ቁራሽ ሲለምን የሚጠራው ነው። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ በእኛ ሰፈር ከተሰማ ቆይቷል። መሪጌታ በዚያ ጥሪ አድገው፣ በዚያ ጥሪ ያደጉ ልጆች ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ በማርያም ስም የለመነ ሰው ከደጃቸው ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከሩ።

«ተማሪ መጣ። ስጡት፤ እንዳይመለስ» አሉ።

ዳቦ ይዤ ሮጥኩ። በሩን ስከፍት የቆሙት ቄስ ሞገስ ናቸው። ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ አሮጌ ነጠላ ለብሰው፣ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተዋል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያቸዋል። ዳቦውን አልተቀበሉኝም። አልፈውኝ ገቡና ከመሪጌታ መኝታ ክፍል ደፍ ላይ ቆሙ።

«በእንተ ስማ ለማርያም፣ የኔታ።»

«ሞገስ?» መሪጌታ ዓይናቸውን አጥብበው አዩአቸው። «ምን ሆንህ? ቤትህ እህል ጠፋ?»

«ቁራሽ አይደለም የምለምነው።»

«ታዲያ ምን ልስጥህ? ያለኝን ታየዋለህ።»

«ያለዎትን ነው የምለምነው። ጾምዎን ይመጽውቱኝ።»

የዝና እጅዋን አፍዋ ላይ አድርጋለች። ቄስ ሞገስ ቀጠሉ፤ ያ ትልቅ ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የራሴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። የእርስዎን ደግሞ ከዚያ እስከ ማታ እይዘዋለሁ። እስከ ፋሲካ። ላዝዝዎ አልቻልሁም የኔታ። መለመን ግን አይከብደኝም፤ እርስዎ ዘንድ ስማር ለምኜ ነው ያደግሁት። በስሟ ለምኛለሁና አይመልሱኝ።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሳል ይሁን ልቅሶ መለየት አቃተኝ። በኋላ ዞሩ። ጉንጫቸው ረጥቧል።

«አንተ ተንኮለኛ» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ውሰደው።»

ቄስ ሞገስ ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ምንም ያልተቀመጠበትን መዳፋቸውን ስመው ነጠላቸው ውስጥ አስገቡት። የዝና ጓዳ ገብታ የጣሳውን ዱቄት በትንሽ ብርጭቆ በጥብጣ አመጣች። ትራስ ደገፍንላቸው። መሪጌታ ብርጭቆውን ይዘው ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ አማትበው ቀመሱ። አረፉ። እንደገና ቀመሱ። ፊታቸውን አኮማተሩ እንጂ አልተዉትም። እኩሌታው ሲደርስ ለየዝና መለሱላት።

«ይቆይልኝ፤ በኋላ እጨርሰዋለሁ። ትንሽ ትንሽ ነው ያለችው ልጅቷ» አሉ።

ቄስ ሞገስ ሊወጡ ደፉን ሲሻገሩ መሪጌታ ጠሯቸው።

«ሞገስ!»

«አቤት የኔታ።»

«እስከ ማታ ነው ያልኸኝ?»

«አዎ የኔታ፣ እስከ ማታ።»

«እንግዲያ አጥብቀህ ያዘው» አሉ መሪጌታ፣ በየቃሉ እያረፉ። «የኔ ጾም ነው፤ አደራ፣ እንዳትሽርብኝ።»